አራቱ የተኙ ሲሊንደሮች

ድው!

ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት በሚወርደው መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረረ። ተማሪው ደብተሩን፣ ዳቦ የያዘችው ሴት ዳቦዋን ጥላ ተኛች። አህያ የሚነዱት ሽማግሌ እንኳ አህያቸው ሆድ ስር ገቡ። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ ወሩ ኅዳር ነበር። በዚያን ጊዜ ድው ሲል «ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ መጀመሪያ መተኛት ነው፣ ጥያቄው ኋላ ይደርሳል።

ቆማ የቀረችው ይርጋለም ብቻ ነበረች። ደፋር ስለሆነች አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ይርጋለም በዚያ መንገድ ላይ ከተዘረሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ፈርታለች። የቆመችው ድምፁ የጥይት እንዳልሆነ ስለምታውቅ ነው። የወጣው ከአባቷ መኪና ነው። እንዲወጣ ያደረገችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

«ተኚ አንቺ! አብደሻል እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ሠርካዲስ፤ የዩኒፎርሟን ጫፍ ጎትታ ጣለቻት።

ይርጋለም ደረቷን አስፋልቱ ላይ አስደግፋ አየች። ትልቁ ጥቁር መኪና መንገዱ መሀል ቆሟል። ማርሚታው፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው ቆርቆሮ፣ ተተርትሮ ከመኪናው ስር ተንጠልጥሏል፤ ነጭ ጭስ ይወጣዋል። የኋላው በር ተከፍቶ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጓድ መሸሻ በእንብርክኩ ወጣ። «ሊገድሉኝ ነው! ቦምቡ መኪናው ውስጥ ነው! ያዙልኝ!» እያለ ይጮኻል።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃቸውን አቀባብለው ከቀበሌው በር እየሮጡ ደረሱ። የይርጋለም አባት፣ ሾፌሩ ጌጡ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ከመሪው ኋላ ወጣ። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መኪና እንዲህ አድርጎት አያውቅም።

«ኮፈኑን ክፈት!» አለው አንደኛው ጠባቂ። ሸፊ ይባላል፤ ከአብዮቱ በፊት ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ሞተር ያውቃል።

ጌጡ ኮፈኑን ከፈተ። ሸፊ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ዳበሰ። ከካንዴላዎቹ ላይ አንዱን ገመድ ነቀለ፤ ከውስጡ ክብ ሆና የተቆረጠች ጥቁር ላስቲክ ወደቀች። ሌላ ነቀለ፤ ሌላ ላስቲክ። አራት ሆኑ።

«ይሄ ምንድነው?»

ጌጡ አንዷን ላስቲክ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ወደተኙት ተማሪዎች አነሳ፤ ወዲያው መለሰው።

«መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ሰው አይነካውም።»

«አሻጥር ነው!» አለ ጓድ መሸሻ። አሁን ቆሟል፤ ጉልበቱን እያራገፈ ነው። «ገና ድሮ ብያለሁ! ቤንዚኑን ሲሰርቅ ከረመ፤ አሁን ደግሞ እኔን ከነመኪናው ሊያጋየኝ!»

ጌጡን ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አስረው ወደ ቀበሌው ወሰዱት። ሲሄድ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ አላየም። ይርጋለም ልትነሣ ቃጣች። ሠርካዲስ እጇን ይዛ «በናትሽ አትንቀሳቀሺ፣ በናትሽ» ትላታለች።

እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብላ አላሰበችም። ያሰበችው ተቃራኒውን ነበር።

መኪናው የፋብሪካው ነው። የፋብሪካው ባለቤት የነበረው ፈረንጅ፣ ንብረቱ ሲወረስ፣ ይህን ስምንት ሲሊንደር ያለው የአሜሪካ መኪና ትቶ ነው ከአገር የወጣው። ሲሊንደር ማለት ቤንዚንና አየር ገብቶ የሚቃጠልበት የሞተሩ ክፍል ነው፤ እሳቱን የምትጭረው ደግሞ ካንዴላ ናት። ስምንት ሲሊንደር ያለው መኪና ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል። በዚያ ዓመት ደግሞ በምሥራቅ ጦርነት ስለነበረ ቤንዚን በኩፖን ነው የሚታደለው፤ ለፋብሪካውም በወር የተወሰነ ነው።

ጓድ መሸሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌጡን «ሱሉልታ አድርሰኝ» ይለዋል። ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ጌጡ አይጠይቅም። ታዲያ የወሩ ቤንዚን በሃያ ቀን ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ስብሰባ መሀል ጌጡን አስነሥቶ «ቤንዚን የሚበላው መኪናው ነው ወይስ አንተ? በዚህ ወርም ከጎደለ በኢኮኖሚ አሻጥር ትጠየቃለህ» አለው። ጌጡ ስለ ሱሉልታ ትንፍሽ አላለም። ቢናገር ማን ያምነዋል?

አሻጥር የሚለው ቃል ቀልድ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቶሎሳ በዚሁ ቃል ተወስዷል። ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ጠዋት በሩ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ እንዳታመጪ» አሏት። ይኼው ነበር መርዶው። ጥቁር እንዳትለብስም ተከለከለች።

ጌጡ ከዚያ ስብሰባ በኋላ እራት አይበላም ነበር። አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይታጠባል። ይርጋለምን፣ አባቷ እንደ ቶሎሳ ሊወሰድ ነው የሚለው ሐሳብ ሌት ተቀን አልለቅ አላት።

ዓርብ ዕለት የፊዚክስ መምህራቸው መምህር ተክለሃይማኖት ስለ ሞተር አስተማሩ። ይርጋለም ትምህርቱ ሲያልቅ ጠረጴዛቸው ጋ ሄዳ «ቲቸር፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው መኪና አራቱ ቢያርፉስ? ቤንዚን አይቆጥብም?» አለቻቸው።

መምህሩ ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አያገኙም። «ጎበዝ! በውጭ አገር ይሞክሩታል፤ መጽሔት ላይ አንብቤያለሁ። መኪና በከተማ ቀስ ብሎ ሲሄድ የስምንቱም ጉልበት አያስፈልገውም። ስምንቱ በግማሽ ሆዳቸው ከሚሠሩ አራቱን አስተኝቶ የቀሩት አራቱ ጠግበው ቢሠሩ ይሻላል። ግን ለማስተኛት...»

ደወሉ ተደወለ። የሚቀጥለው መምህር በሩ ላይ ቆመዋል። ይርጋለም ግማሹን ትምህርት ይዛ ወጣች፤ ሙሉውን የያዘች መስሏት።

መኪናው እሑድ እነሱ ግቢ ነው የሚውለው። እናትና አባቷ ጸሎት ቤት ሲሄዱ «ፈተና አለብኝ» ብላ ቀረች። ካንዴላ ነቅሎ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት አባቷ ድሮ አስተምሯታል። ስምንቱ እሳት የሚጭሩበትንም ተራ ገና ፊደል ሳትቆጥር አስጠንቷታል፦ አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ሁለት። በዚህ ተራ አንዱን እየዘለለች አራቱን መረጠች፤ ስምንትን፣ ሦስትን፣ አምስትንና ሁለትን። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ አይንገጫገጭም ብላ አሰበች፤ በዚህስ ልክ ነበረች።

ገመዱን ነቅላ ብትተወው አባቷ ያያል፤ ካየ ይቆጣል። ስለዚህ ደብተሯን ከምታስርበት ከካላማዳሪያ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተሠራ ጥቁር ማሰሪያ ላይ በመቀስ አራት ክብ ቆርጣ፣ በካንዴላውና በገመዱ ቆብ መሀል አስገባች። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ካንዴላዎቹ ዝም አሉ፤ ሲያዩዋቸው ግን ምንም አልሆኑም። የሞተሩን ቁልፍ ግን አልነካችም፤ ጎረቤት ይሰማል ብላ ፈራች።

ሰኞ ማለዳ አባቷ መኪናውን አስነስቶ ሲወጣ «ዛሬ ምን ነካው? ደክሟል። ቤንዚኑ ውኃ ሳይኖረው አይቀርም» ሲል ሰማችው። ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። አሁን ያን ፈገግታዋን ስታስታውሰው ፊቷን መቧጨር ያምራታል።

በዚያው ሰኞ፣ አባቷ ሲወሰድ ካየችበት መንገድ ቀጥታ ቤት ገባች። እናቷ ዘንድ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ይርጋለም አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልትመታት ነው ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን መዳፏን አፏ ላይ ከደነችባት።

«ዝም በይ። ለማንም አልተናገርሽም።»

«እማዬ፣ ሄጄ እኔ ነኝ ብል ይለቁታል።»

«ይለቁታል? እሱንም አይለቁትም፣ አንቺንም ይጨምሩሻል! ያንቺ እኩያ ልጆች ሲወሰዱ አላየሽም? ሁለት ሰው አልሰጥም፤ ሰማሽ? ለእኔም ቢሆን አልነገርሽኝም።» ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አንስታ አቀፈቻት።

በማግስቱ ስንቅ ማመላለስ ተጀመረ። ይርጋለም ሳህን በፎጣ ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ትሰለፋለች። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች አይነጋገሩም። የሁሉም ዓይን ጠባቂው እጅ ላይ ነው። ጠባቂው ሳህኑን ተቀብሎ የትናንቱን ባዶ ሳህን ሲመልስ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከይርጋለም ፊት የነበሩ አንዲት ሴት ባዶ ሳህናቸውን ሲቀበሉ ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ መምህር ተክለሃይማኖት ብቻቸውን እስኪቀሩ ጠብቃ ገባች። ምን እንደተሳሳተች ሳታውቅ መተኛት አልቻለችም። ስትነግራቸው መምህሩ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፤ በሩንም ዘጉ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«ካንዴላውን ብቻ ነው ያጠፋሽው?»

«አዎ። አራቱን።»

ጠመኔ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲሊንደር ሣሉ። «ይርጋለም፣ እሳቱን ነው ያጠፋሽው። በሮቹን አልዘጋሽም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት በር አለው፤ ቫልቭ እንለዋለን። በአንዱ ቤንዚንና አየር ይገባል፣ በሌላው ጭስ ይወጣል። ካንዴላው ዝም ቢልም ፒስተኑ ላይ ታች ማለቱን አይተውም፤ በሮቹም እንደወትሮው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እና ቤንዚኑ ገባ። አልተቃጠለም። ወዴት ሄደ?»

«ወደ... ጭስ ማውጫው።»

«ማርሚታው ውስጥ ተጠራቀመ። መኪናው ስለደከመ አባትሽ ነዳጁን ከወትሮው አብዝቶ ረግጧል፤ ስለዚህ መቆጠቡ ቀርቶ ይብስ ባከነ። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ሲያነሣ፣ ከሚሠሩት አራቱ አንድ ነበልባል አምልጦ ደረሰበት። ይኼ ነው ድው ያለው።»

«እና እነዚያ የውጭ አገሮቹ እንዴት ያስተኙታል?»

«ሁለቱንም በር ዘግተው። ቤንዚን አይገባም። ውስጥ የታፈነውን አየር ፒስተኑ ሲወጣ ይጨምቀዋል፤ ሲወርድ አየሩ መልሶ ይገፋዋል፤ እንደ ተጨመቀ ስፕሪንግ። ጉልበት ብዙም አይባክንም። ዳገት ሲመጣ በሮቹ ይለቀቃሉ፤ ስምንቱም ይነቃሉ። እሱን ነበር ዓርብ ልነግርሽ...» ሥዕሉን በኮታቸው እጅጌ አጠፉት፤ ጠመኔው እጅጌያቸውን አነጣው።

ይርጋለም ባዶውን ጠረጴዛ አየች። ነገሩ ገብቷታል። እንዲያውም ያምራል። እንዲህ የሚያምር ነገር አባቷን እስር ቤት ማስገባቱ ሊገባት አልቻለም።

«ይርጋለም» አሉ መምህሩ፤ አሁን የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም። «ከጠየቁሽ... ማለቴ፣ የፈረንጅ መጽሔት ያነብባል ካሉኝ፣ አሻጥር ያስተምራል ካሉኝ... ሦስት ልጆች አሉኝ። ስሜን እንዳታነሺ። እባክሽ።»

መምህር ተማሪን እባክሽ ሲል ሰምታ አታውቅም። ተናደደችባቸው፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት። «አላነሣም ቲቸር» ብላ ወጣች።

ሐሙስ ስንቅ የሚቀበለው ሸፊ ነበር፤ ኮፈኑን ያስከፈተው ጠባቂ። ተራዋ ሲደርስ ሳህኑን ተቀብሎ ባዶውን ሰጣት። ከዚያ ዝቅ ብሎ በለሆሳስ አናገራት።

«የጌጡ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ መልእክት ልኮልሻል። ‹ይርጌ ደብተሯን በሲባጎ ትሰር፤ ያንን ላስቲክ ትጣለው› ብሏል። ታስሮ ስለ ደብተር ያስባል! ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አባቷ አውቋል። ያን ዕለት ላስቲኳን መዳፉ ላይ ሲያገላብጥ ነው ያወቀው። ላስቲኩን ከጎሚስታው፣ ከጎማ ጠጋኙ፣ ለምኖ ያመጣላት እሱ ራሱ ነበር፤ እንዴት አይለየው? ስለዚህ ነው «ሌላ ሰው አይነካውም» ያለው። አሁን ደግሞ ማስረጃውን ጣይ እያላት ነው። አራት ቀን ሙሉ የእሷን ጥፋት ተሸክሞ ተቀምጧል።

«ሌላም አለ» አለ ሸፊ። ዓይኗን ላለማየት ሰልፉን ተመለከተ። «ነገ ጠዋት ወደ ከፍተኛው ይወስዱታል። ጓድ መሸሻ በጣም ገፍቶበታል። ከነገ ጀምሮ ስንቅ እዚህ አታምጡ።»

ከዚያ ስንቅ ወዴት ይወሰዳል ብላ አልጠየቀችም። ከዚህ ቀበሌ ወደ ከፍተኛው፣ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ሄደው የተመለሱ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ቶሎሳም የሄደው ወደዚያው ነው።

ከሰልፉ ወጣ ብላ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ቤት ሄዳ ላስቲኩን ምድጃ ውስጥ መጣል ትችላለች። አባቷ የሚፈልገው ይኼን ነው። እናቷም የምትፈልገው ይኼንኑ ነው። መምህሩማ ቢሰሙ እንዴት ደስ ባላቸው! ሁሉም የሚላት ዝም በይ ነው፤ ሁሉም ደግሞ የሚላት ስለሚወዷት ወይም ስለሚፈሩ ነው። እሷም ፈርታለች። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም። ግን ነገ ሳህን የምታደርስበት በር አይኖርም።

ተመልሳ ሰልፉን አልፋ ወደ በሩ ሄደች። ሴቶቹ አጉረመረሙ።

«ሊቀመንበሩን ማነጋገር እፈልጋለሁ» አለችው ሸፊን።

«ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«ላስቲኩን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሸፊ ፊቱ ተለዋወጠ። ግራና ቀኝ አየ። «አሁን ያልሽውን አልሰማሁም። ሂጂ ስልሽ!»

«እኔ ነኝ» አለች ደግማ፤ አሁን ጮክ ብላ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ ጸጥ አሉ። ሸፊ ከዚህ በኋላ አልሰማሁም ሊል አልቻለም።

የሊቀመንበሩ ክፍል ጠባብ ነበር። ጓድ ይገዙ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን እንደ ወረቀት መጫኛ አስቀምጦታል። ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አባቴን ልቀቁልኝ ብለሽ ከሆነ፣ ያንቺን ዓይነት ዛሬ ሰባት መጥተዋል።»

ይርጋለም ደብተሮቿ ላይ ያለውን ጥቁር ላስቲክ ፈታች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ መሀሉ ላይ አራት ክብ ቀዳዳዎች አሉት።

«የቆረጥኩት ከዚህ ላይ ነው፤ እሑድ ዕለት። አባቴ አያውቅም፤ ጸሎት ቤት ነበር። ቤንዚን ይቆጥባል ብዬ ነው። አራቱ ካረፉ በግማሽ ይሄዳል ብዬ። ምክንያቱም ቤንዚን ከጎደለ አባቴን እንደሚጠይቁት ነግረውታል።»

ጓድ ይገዙ ላስቲኩን ብድግ አድርጎ በብርሃን አየው። መሳቢያውን ከፍቶ አንዷን ክብ አወጣና ቀዳዳው ላይ ገጠማት። ልክ ነበረች። ሆኖም ፊቱ አልፈታም።

«አባትሽ ራሱ ከዚህ ላይ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። አንቺ ከሆንሽ የትኞቹ ካንዴላዎች ላይ ነው ያደረግሽው?»

«ከግራ በኩል መሀል ያሉት ሁለቱ ላይ። ከቀኝ በኩል ደግሞ ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለቱ ላይ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሸፊ ዞረ። ሸፊ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ልክ ናት ጓድ» አለ ቀስ ብሎ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ቤንዚኑ ሳይቃጠል ስለወጣ ነው ማርሚታው የፈነዳው። ቦምብ የሚባል ነገር አላየሁም።»

ይርጋለም ያመኗት መስሏት ትንፋሿን ለቀቀች። ግን ቸኩላለች።

«በዘፈቀደ የተነካ አይደለም» አለ ጓድ ይገዙ፤ ድምፁ ተለወጠ። እስክሪብቶ አነሣ። «ከዚያኛው መሀሉን፣ ከዚህኛው ጫፉን። ይኼ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ልጅ ብቻዋን አታስበውም። ማን አስተማረሽ?»

የመምህር ተክለሃይማኖት በጠመኔ የነጣ እጅጌ ዓይኗ ላይ መጣ። አንድ ስም ብትሰጠው ይበቃዋል። እሷም ልጅ ናት፣ ተታላ ነው ይባላል፤ አባቷም ዛሬውኑ ይወጣ ይሆናል። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ማንም አላስተማረኝም» አለች። «ቢያስተምሩኝማ ኖሮ እንዲህ አልሳሳትም ነበር።»

ሸፊ በር ላይ ሆኖ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማ። ጓድ ይገዙ ትክ ብሎ አያት። ይርጋለም ዓይኗን አልሰበረችም።

ሊቀመንበሩ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። እስክሪብቶው ሲጭር ብቻ ይሰማል። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

«ስሚኝ ልጅ። ይኼን ከፈረምሽ ቃልሽ ነው፤ ልመልሰው አልችልም። አባትሽ ይፈታል አልልሽም፣ አንቺም ቤትሽ ታድሪያለሽ አልልሽም። ካልፈረምሽ ግን አልመጣሽም፤ ሸፊም አላየሽም። ሳህንሽን ይዘሽ ሂጂ።»

በሩ ክፍት ነበር። ከውጭ የሰልፈኞቹ ሴቶች ነጠላ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወዲያ ቤታቸው። እናቷ ይኼኔ በር በሩን ታያለች።

ይርጋለም ሳህኑን ለሸፊ ሰጠችው። «ለእናቴ አድርስልኝ። አንተ ራስህ ንገራት፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።»

ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ ጎንበስ አለች። ይርጋለም ብላ ጻፈች፤ ጌጡ ብላ ጨረሰች። የአባቷ ስም ትንሽ ጠመመ፤ ግን ይነበባል።